ሁለት ኦፐሬቲንግ ሲስተም በአንድ ኮምፒዩተር፤ አጫጫኑና አያያዙ



በደማምና በኾባር የምንማር ኢትዮጵያውያን ስንገናኝ ደጋግመን ከምንጠያየቃቸው ጉዳዮች አንዱ፣ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ዊንዶውስንና ሊኑክስን ጎን ለጎን ማኖር ይቻላል ወይ፣ ቢቻልስ ይበጃል ወይ የሚለው ነው። ጥያቄው የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም። አብዛኞቻችን ያለን ኮምፒዩተር አንድ ብቻ ነው። የምናጠናበት፣ የምንፈተንበት፣ የምርምር መረጃ የምናጠናቅርበት፣ ከቤተሰብ ጋር የምንገናኝበትም እርሱው ነው። በፈተና ዋዜማ አልነሣም ቢል ተተኪ የለውም። ስለዚህ ጉዳዩን ከመሠረቱ መመርመር አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

ይህን የምንጽፈው የሕክምና ተማሪዎች ነን እንጂ የኮምፒዩተር ሊቃውንት አይደለንም። ነገር ግን መሣሪያው በእጃችን ያለ ስለሆነ አሠራሩን የማወቅ ግዴታውም የእኛው ነው። የጽሑፋችንን ፍሬ ነገር አስቀድመን እንናገር። ሁለቱ ሲስተሞች በአንድ ማሽን ላይ አብረው መኖር ይችላሉ፤ ዳሩ ግን እያንዳንዳቸው የተሠሩት ማሽኑ የብቻቸው እንደሆነ ተደርጎ ስለሆነ፣ ድንበሩን የሚያካልለውና ሰላሙን የሚጠብቀው ባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ከተኛ ይጋጫሉ።

ጥያቄው ለምን ተነሣ?

ጥያቄው ሦስት ተጨባጭ ምክንያቶች አሉት።

አንደኛ፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ለግል ተጠቃሚዎች የተፈቀደው ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያ ሲታወጅ የተቆረጠለት ቀን ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ በፊት ያሉትን አይቀበልም። ከአገር ቤት ይዘናቸው የመጣናቸው ወይም እዚህ አሮጌ የገዛናቸው ላፕቶፖች ብዙዎቹ ከዚህ መስፈርት በታች ናቸው። እንዲህ ያለው ማሽን ግን ሊኑክስ ቢጫንበት ገና ለብዙ ዓመት ያገለግላል።

ሁለተኛ፣ ታዲያ ዊንዶውስን ጨርሶ ለምን አንጥለውም? የማንጥለው በፈተና ምክንያት ነው። ተማሪው በፈተና ላይ ሌላ ገጽ እንዳይከፍት የሚቆልፉ ፕሮግራሞች፣ ለምሳሌ ሎክዳውን ብራውዘር የሚባለው፣ በዊንዶውስና በማክ ላይ ይሠራሉ እንጂ በሊኑክስ ላይ አይሠሩም። በቨርቹዋል ማሽን ውስጥም ለማታለል ቢሞከር አይከፈቱም።

ሦስተኛ፣ ለሙያችን የሚያስፈልጉ በርካታ የምርምር መሣሪያዎች የተወለዱት በሊኑክስ ዓለም ነው። የአእምሮ ኤምአርአይ ምስል ለመተንተን የሚያገለግሉት ኤፍኤስኤልና ፍሪሰርፈር የተዘጋጁት ለሊኑክስና ለማክ ነው። የአገራችን ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሥርዓትም ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ነው። ተምሮ ወደ አገሩ የሚመለስ ሐኪም ሁለቱንም ዓለም ማወቁ ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም።

ነገሩ እንዴት ይሠራል?

ኮምፒዩተር ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው ዊንዶውስም ሊኑክስም አይደለም። በማሽኑ ቦርድ ላይ የተጻፈ አነስተኛ ፕሮግራም አለ፤ በቀድሞዎቹ ባዮስ፣ በአዲሶቹ ዩኢኤፍአይ ይባላል። ሥራው የአካል ክፍሎቹን ፈትሾ፣ ሲስተሙን የሚያስነሣውን ፕሮግራም ፈልጎ፣ ለእርሱ ማስረከብ ነው።

በቀድሞው ሥርዓት ይህ አስነሺ የሚቀመጠው በዲስኩ የመጀመሪያ ቁራጭ ላይ፣ በ512 ባይት ቦታ ውስጥ ነበር። ቦታው አንድ፣ ተቀማጩም አንድ። በመሆኑም በኋላ የተጫነው ሲስተም የፊተኛውን አስነሺ ደምስሶ በቦታው ይቀመጥ ነበር። «ዊንዶውስ ሲጫን ሊኑክስን ያጠፋል» የሚለው የቆየ ወሬ የመነጨው ከዚህ ነው። በዚህ ሥርዓት ዲስኩ ከ4 ዋና ክፍሎች በላይ አይከፈልም ነበር፤ ከ2 ቴራባይት በላይ ያለውንም ቦታ አያውቅም ነበር።

በአዲሱ ሥርዓት ለአስነሺዎች ራሱን የቻለ አነስተኛ የዲስክ ክፍል ተመድቧል። እያንዳንዱ ሲስተም በዚያ ውስጥ የራሱ አቃፊ አለው፤ አንዱ የሌላውን ሳይነካ ይቀመጣል። ከነዚህ ውስጥ ቀድሞ የሚጠራው ማን እንደሆነ የሚወስነው በዩኢኤፍአይ የተመዘገበው ተራ ነው። ሊኑክስ ሲጫን ግራብ የተባለ በረኛ ያቆማል፤ እርሱም ኮምፒዩተሩ ሲበራ «የትኛውን ልክፈት?» ብሎ ይጠይቃል። በአንድ ጊዜ የሚሠራው ግን አንዱ ብቻ ነው። ሌላው በዲስኩ ላይ ተኝቶ ይቆያል።

ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ጽንፎች እናያለን። አንዱ ወገን «የባለሙያ ሥራ ነው፣ አትንኩት» እያለ ያስፈራራል። ይህ ትክክል አይደለም። ጥንቃቄ እስከተወሰደ ድረስ ማንም ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያከናውነው የሚችል ሥራ ነው።

ሌላው ወገን ደግሞ «ሁለት ጉድጓድ ያላት አይጥ አትሞትም» የሚለውን ተረት እየጠቀሰ፣ ሁለት ሲስተም ያለው ሰው አንዱ ቢበላሽ በሌላው ይድናል ይላል። ይህኛው ከፊተኛው የባሰ አደገኛ ነው። ሁለቱ ጉድጓዶች የተቆፈሩት በአንድ ግድግዳ ላይ ከሆነ፣ ግድግዳው ሲፈርስ ሁለቱም ይደፈናሉ። ዲስኩ ከተቃጠለ፣ ኮምፒዩተሩ ከተሰረቀ ወይም አጥፊ ቫይረስ ከገባ ሁለቱም ሲስተሞች አብረው ይሄዳሉ።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከኾባር አጠገብ በዳህራን ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለው ሳዑዲ አራምኮ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 2012 በረመዳን ወር ሻሙን በተባለ አጥፊ ፕሮግራም ተመታ። ወደ 30,000 የሚደርሱ ኮምፒዩተሮች ተበላሹ። ሻሙን ፋይሎችን ከመደምሰሱም በላይ ያንኑ ከላይ የጠቀስነውን የዲስክ መጀመሪያ ቁራጭ ያበላሽ ስለነበር ማሽኖቹ ጨርሶ አልነሣ አሉ። እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው፣ የዲስኩ መጀመሪያ ከተመታ በውስጡ ሁለት ሲስተም ይኑር አምስት ልዩነት የሌለው መሆኑ ነው። የሚያድነው ከማሽኑ ውጭ ያለ ቅጂ ብቻ ነው።

ከመጫን በፊት

1. ቅጂ ማስቀመጥ። የጥናት ጽሑፍ፣ የምርምር መረጃ፣ የትምህርትና የመኖሪያ ፈቃድ ሰነዶች ሁሉ በውጭ ዲስክ ላይ ይገልበጡ። ከዚያም ከተገለበጡት ጥቂቶቹን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ያልተፈተሸ ቅጂ ቅጂ ነው አይባልም። ዲስኩ ከኮምፒዩተሩ ጋር በአንድ ቦርሳ አይቀመጥ። በሐምሌና በነሐሴ የኾባር ሙቀት መኪና ውስጥም አይረሳ።

2. የቢትሎከርን ቁልፍ መያዝ። ቢትሎከር ዊንዶውስ ዲስኩን የሚመሰጥርበት መሣሪያ ነው። በአዳዲስ ማሽኖች ላይ ባለቤቱ ሳያውቅ በራሱ በርቶ ይገኛል። በአነሣሡ ሥርዓት ላይ ለውጥ ሲያይ ሌባ የገባ መስሎት በሩን ይዘጋና ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ይጠይቃል። አንድ ጓደኛችን ይህ በፈተና ሳምንት ደርሶበታል። ቁልፉ በማይክሮሶፍት አካውንቱ ውስጥ ነበር፤ አካውንቱ ግን የተከፈተው በአገር ቤት የስልክ ቁጥር ስለነበር የማረጋገጫው መልእክት የሚሄደው ወደዚያ ነው። የዳነው አዲስ አበባ ያለች እኅቱ የድሮውን ሲም ካርድ ከመሳቢያ ፈልጋ አግኝታ፣ የመጣውን ቁጥር በስልክ ስላነበበችለት ነው። ሁላችንም እንዲህ ያለ እኅትና እንዲህ ያለ መሳቢያ ላይኖረን ይችላል። ስለዚህ ቁልፉ ዛሬውኑ በወረቀት ተጽፎ ይቀመጥ፤ አካውንቱም አሁን በእጃችን ካለው ስልክ ጋር ይያያዝ።

3. ሳይጭኑ መሞከር። ኡቡንቱን የመሰሉ የሊኑክስ ዓይነቶች ከፍላሽ ላይ ተነሥተው ዲስኩን ሳይነኩ ይሠራሉ። በዚህ መንገድ ዋይፋዩ፣ ድምፁና ካሜራው መሥራታቸው አስቀድሞ ይረጋገጥ።

ሲጫን

መጀመሪያ ዊንዶውስ፣ ቀጥሎ ሊኑክስ ይጫናል። ለሊኑክስ የሚሆነውን ቦታ ከዊንዶውስ ላይ የሚቀንሰው ራሱ ዊንዶውስ ቢሆን ይመረጣል፤ የቤቱን ዕቃ የት እንዳስቀመጠ የሚያውቀው ነዋሪው ነውና። ኡቡንቱ 25 ጊጋባይት ያህል ይጠይቃል፤ የምስል ትንተና ለሚሠራ ግን 100 ቢመደብ አይበዛም። ከኡቡንቱ ዕትሞች ደግሞ በየሁለት ዓመቱ በኤፕሪል የሚወጣውና ለ5 ዓመት መደበኛ ድጋፍ የሚያገኘው ይመረጥ።

ለጋራ ፋይሎች ሦስተኛ ክፍል መክፈት ጠቃሚ ነው። የዲስክ ክፍል በልዩ ልዩ ሥርዓት ይዘጋጃል፤ ሊኑክስ ዊንዶውስ የሚጠቀምበትን ኤንቲኤፍኤስን ማንበብና መጻፍ ይችላል፣ ዊንዶውስ ግን የሊኑክስን ኢኤክስቲ 4 በራሱ አያነብም። ስለሆነም የጋራው ክፍል በኤንቲኤፍኤስ ይዘጋጅ።

የአማርኛ ጽሑፍንም ጉዳይ አንርሳ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ በሁለቱም ሲስተሞች ላይ በትክክል ይነበባል። ከዚያ በፊት በነበሩት ልዩ ልዩ ፎንቶች የተጻፈ የቆየ ሰነድ ግን ፎንቱ በሌለበት ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። የኪቦርዱ አጻጻፍ እንዳይለያይብንም በሁለቱም ላይ የሚሠራውን ኪማንን መጫን ይቻላል።

የሚጋጩባቸው ነጥቦች

ሀ/ እንቅልፍ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ፣ ማለትም ከ2012 ጀምሮ፣ ፋስት ስታርታፕ የሚባል ነገር አለ። ኮምፒዩተሩን «ዝጋ» ስንለው ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ቶሎ ለመነሣት ሲል የሥራውን ከፊል ሁኔታ በዲስክ ላይ አስቀምጦ ያሸልባል። ይህን በሆስፒታል ምሳሌ እንየው። የሌሊቱ ተረኛ የሕመምተኛውን ካርድ በከፊል ጽፎ፣ ቀሪውን በሐሳቡ ይዞ ወጣ። የቀኑ ተረኛ መጥቶ በዚያው ካርድ ላይ መድኃኒት ለወጠ። ሌሊተኛው ተመልሶ ያየውን ለውጥ ሳያጤን ከተወበት ቀጠለ። የሚጎዳው ሕመምተኛው ነው። ሊኑክስም ዊንዶውስ ባልተዘጋ ዲስክ ላይ ቢጽፍ የሚጎዱት ፋይሎቻችን ናቸው። ጠንቃቃው ሊኑክስ ብዙውን ጊዜ አልጽፍም ይላል፤ አስገድደነው እንዲጽፍ ማድረግ ግን ጥፋት ነው። መፍትሔው ፋስት ስታርታፕን ከዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያ ገብቶ ማጥፋት ነው። እስኪጠፋ ድረስ ግን ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ስንሻገር «ሪስታርት» የሚለውን እንጫን፤ ሪስታርት ሙሉ በሙሉ ይዘጋልና።

ለ/ ሰዓት። በማሽኑ ቦርድ ላይ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ሰዓት አለች። ዊንዶውስ በእርሷ ላይ ያለውን የአካባቢው ሰዓት ነው ብሎ ይወስዳል፤ ሊኑክስ ደግሞ የዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው ይላል። ኾባርም አዲስ አበባም ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት ይቀድማሉ። በዚህም የተነሣ ከሊኑክስ ወጥተን ዊንዶውስን ስንከፍት ሰዓቱ በ3 ወደ ኋላ ቀርቶ እናገኘዋለን። እኛ ደግሞ በአገራችን አቆጣጠርና በሌላው መካከል የ6 ሰዓት ልዩነት ስለለመድን፣ የ3 ሰዓቱን ስሕተት በችኮላ ላናስተውለው እንችላለን። ጠዋት በ4 ሰዓት የሚከፈት ፈተና ያለበት ተማሪ ኮምፒዩተሩ 1 ሰዓት ነው ቢለው ምን እንደሚከተል ግልጽ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ታይምዴትሲቲኤል በተባለው የሊኑክስ መሣሪያ የቦርዱን ሰዓት እንደ አካባቢ ሰዓት እንዲቆጥር ማዘዝ ነው። ይህ መንገድ በበጋና በክረምት ሰዓታቸውን በሚለውጡ አገሮች ችግር ያመጣል። ሳዑዲ ዓረቢያና ኢትዮጵያ ግን ሰዓታቸውን ስለማይለውጡ ለእኛ የሚያስቸግር አይደለም።

ሐ/ በር። ሴኪዩር ቡት የታወቀ ፊርማ የሌለውን አስነሺ አላሳልፍም የሚል ጥበቃ ነው። ኡቡንቱ የተፈረመ አስነሺ ስላለው ጥበቃውን ማጥፋት አያስፈልግም። ሆኖም እ.ኤ.አ. ኦገስት 13 ቀን 2024 የወጣው የዊንዶውስ ማሻሻያ፣ ደካማ የሆኑ የቆዩ አስነሺዎችን ለማገድ የታሰበው ሕግ ሁለት ሲስተም ያላቸውንም ማሽኖች ስለነካ፣ የብዙ ሰዎች ሊኑክስ አልነሣ አለ። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንዱ፣ ሊኑክሱን ሳያሻሽሉ ማቆየት አደጋ እንዳለው ነው። ሁለተኛው፣ በፈተና ሳምንት ምንም ዓይነት ትልቅ ማሻሻያ መጫን እንደሌለበት ነው።

መ/ የሕመምተኛ ምሥጢር። ቢትሎከር አስቸገረኝ ብሎ ምስጠራውን አጥፍቶ የሕመምተኞችን መረጃ በጋራው ክፍል ላይ ገልጦ የሚያኖር የሕክምና ተማሪ ከባድ ጥፋት ይሠራል። የዊንዶውስ የይለፍ ቃል የሚጠብቀው የዊንዶውስን በር ብቻ ነው፤ ያልተመሰጠረ ዲስክ በሊኑክስ በኩል ያለ ምንም የይለፍ ቃል ይነበባል። ማሽኑ ከተሰረቀ የሕመምተኛውም ስም አብሮ ተሰረቀ ማለት ነው። የሳዑዲ ዓረቢያ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ ጸንቷል፤ የጤና መረጃንም ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ይመድበዋል። ከሕጉ በፊት ግን የሙያው አደራ አለብን። እንዲህ ያለ መረጃ ለጥናት በእጃችን እንዲሆን ሲፈቀድ በሁለቱም ሲስተሞች ላይ በሚሠራው ቬራክሪፕት በመሰለ መሣሪያ ተመስጥሮ ይቀመጥ።

አያያዙ

መጫን የአንድ ቀን፣ መያዝ ግን የዘወትር ሥራ ነው። ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ሁለቱንም ሲስተሞች ከፍቶ ማሻሻያዎችን መጫን ያስፈልጋል። ለወራት ሳይከፈት የቆየ ሲስተም የደኅንነት ቀዳዳው ሳይደፈን የቆየ ሲስተም ነው። በተለይ ዊንዶውስን ለፈተና ብቻ የምናኖር ከሆነ በፈተናው ጠዋት ገና ስንከፍተው የወራት ማሻሻያ ሊጭን ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ሦስት ቀን ቀደም ብለን እንክፈተው፤ የፈተናውንም ፕሮግራም እንሞክረው። ድጋፉ የተቋረጠበት ዊንዶውስ 10 ከሆነ ደግሞ ኢሜይላችንንና የባንክ ጉዳያችንን በሊኑክሱ በኩል ብናደርግ ይሻላል።

አንዱ አልነሣ ሲል የመጀመሪያው ደንብ አለመደናገጥ ነው። ሐኪም ሳይመረምር እንደማይቀድድ፣ እኛም ሳንመረምር ፎርማት አናድርግ። ተራው እንዲህ ነው። በቅድሚያ ኮምፒዩተሩ ሲበራ የአነሣሥ ምርጫውን የሚያሳየውን ቁልፍ እንጫን፤ እንደ ፋብሪካው ኤፍ 12፣ ኤፍ 9 ወይም ኢስኬፕ ሊሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ የጠፋው ሲስተም እዚያ ተዘርዝሮ ይገኛል። የተለወጠው ተራው ብቻ ስለሆነ በዩኢኤፍአይ ውስጥ ይስተካከላል። ግራብ ታይቶ ሊኑክሱ ብቻ እምቢ ካለ፣ ከዝርዝሩ ቀድሞ የነበረውን ከርነል መርጦ መነሣት ይቻላል። ይህም ካልሆነ ከፍላሽ ተነሥቶ ቡት ሪፔር የተባለውን መሣሪያ መሞከር ነው። ፍላሹ ስለዚህ ከተጫነ በኋላም አይጣል። ሊኑክስን ለማንሣት የሚፈልግም የዲስኩን ክፍል ከመሰረዙ በፊት ተራውን ወደ ዊንዶውስ ይመልስ፤ አለበለዚያ በረኛው ቤቱ በሌለበት ቆሞ ይቀራል።

ሁለቱ ለማያስፈልገው

ሁሉም ሰው ሁለት ሲስተም ያስፈልገዋል ማለታችን አይደለም። የሚፈልገው አር ወይም ፓይተን ብቻ የሆነ ተማሪ ሁለቱም በዊንዶውስ ላይ ስለሚሠሩ ዲስኩን መክፈል አይገባውም። ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ የሚያስኬደው ደብልዩኤስኤል ከ2016 ጀምሮ አለ፤ በቂ ሜሞሪ ላለው ማሽንም ቨርቹዋል ቦክስ ይበቃል። በ4 ጊጋባይት ሜሞሪ ግን ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማስኬድ ሁለቱንም ማነቅ ነው፤ እየለዋወጡ ማስነሣት የሚያዋጣው እዚያ ነው። ማክ ያላችሁም አስተውሉ፤ አፕል በ2006 ያወጣው ቡት ካምፕ በኢንቴል ማሽኖች ላይ እንጂ ከ2020 ወዲህ በወጡት የአፕል ፕሮሰሰሮች ላይ አይሠራም።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ እናቅርብ። ይህ ሥራ ብቻችንን ስንሠራው የሚያስፈራ፣ ተሰብስበን ስንሠራው የሚቀል ነው። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ፣ ፈተና ሳይቀርብ፣ አንድ አርብ ተቀጣጥረን የሚያውቅ የማያውቀውን ቢረዳ፣ አንድ የተፈተነ ፍላሽ በየመኖሪያው ቢኖር፣ በተለይ አዲስ ለሚመጡ ወንድሞችና እኅቶች ትልቅ እገዛ ይሆናል። እስከዚያው ግን እያንዳንዳችን ዛሬ ማታ ልንፈጽማቸው የምንችላቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የቢትሎከር ቁልፋችንን በወረቀት እንጻፍ፤ የጥናታችንንም ቅጂ ከኮምፒዩተሩ ውጭ እናስቀምጥ። ሁለተኛው ጉድጓድ የሚቆፈረው በሌላ ግድግዳ ላይ ነው።